ጾሙን ያደረ የጓሮ መደብ እንዴት ይነሣል?

ደብረ ብርሃን በተከራየሁት ቤት ጓሮ አራት ከፍ ያሉ የአትክልት መደቦች አሉ። ሦስቱ በብሎኬት፣ አንዱ በባሕር ዛፍ ጣውላ የታጠሩ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ሠርቷቸው ቤቱን ሲለቅ ትቷቸው ሄደ፤ ከዚያ ሦስት ክረምት አለፈባቸው። እኔ በጥር ስገባ ከደረቀ ሙጃና ከሳማ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። አከራዬ እማማ ከበረንዳቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ በከንቱ አትድከም፤ ያ አፈር ሞቷል። ያ ልጅ የተከለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ» አሉኝ።

አረሙን ሳጸዳ የቲማቲም መደገፊያ እንጨቶችና በሲባጎ የታሰሩ ደረቅ ግንዶች አገኘሁ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ቲማቲምና ቃሪያ ተክሎ የጥቅምት ውርጭ በልቶበታል። ተክልን በአንድ ሌሊት የሚያጠቁር አፈር አላውቅም። አፈሩ በሌለበት ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ታስሮ ኖረ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለእሷና እንደ መሐል ሜዳና ሰላ ድንጋይ ላሉ ብርዳም ቦታዎች የተጻፈ ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ያላችሁ የውርጩን ነገር ዝለሉት፤ የቀረው ይሠራል።

1. ባለቤቱን ያነጋግሩ

ዶማ ከማንሣትዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ታስቧል ወይ? ውኃው በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ለአትክልቱ የሚውለው እንዴት ይታሰባል? ዶሮ ወይም በግ ወደ ጓሮው ይለቀቃል ወይ? ከመደቡ የሚወጣው ፍርስራሽ የት ይደፋል? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይብሳል። ድንቹ ሊያብብ ሲል የመሠረት ቆፋሪዎች ከነዶማቸው የመጡበት ሰው አውቃለሁ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ሁለት ዓመት ለተረሳ መደብ ልክ የሆነ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ለጥገናና ለጥቂት ምርት፣ ሁለተኛው በደንብ ለመብላት። እኔ በውሉ ላይ በርሜሉ፣ ላስቲኩና የጨመርኋቸው ብሎኬቶች የእኔ መሆናቸውን አንድ መስመር አስጻፍሁ። እማማ ሳቁብኝ። ከሚበቅለው ጎመንና ቆስጣ ለእሳቸውም እንደምቆርጥ ግን አልተጻፈም፤ ይህ በመካከላችን ያለ ነገር ነው።

2. ሳይቆፍሩ ይመርምሩ

ለዚህ አንድ ሳምንት ይስጡት። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር የሚሆን ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ አንድ ባልዲና ክዳን ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ ነው።

ፌሮውን በመደቡ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ይውጉ። ያለ ብዙ ጉልበት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከገባ አፈሩ ደኅና ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ግትር ካለ ወይ ተረግጦ ጠጥሯል፣ ወይ ከሥሩ የግንባታ ፍርስራሽ አለ። ድንጋይ ሲሆን ድምፁ ራሱ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ የውኃ ፈተና አለ። በመደቡ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው በውኃ ይሙሉት፤ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ይለፉት። በማግሥቱ ጠዋት ውኃው እዚያው ቁጭ ብሎ ከጠበቀዎት መደብዎ ገንዳ ሆኗል፤ በሐምሌ የሚተክሉበት ሁሉ ሥሩ ይበሰብሳል። ከእኔ መደቦች ሁለቱ እንዲህ ነበሩ። ከሥራቸው ላስቲክ ተነጥፎ ነበር፤ የቀድሞው ሰው አረም እንዳይወጣ ብሎ ይሆናል። አፈሩን ሁሉ አላወጣሁም። በፌሮው ላስቲኩን ብዙ ቦታ በሳሁት፤ በታችኛው ረድፍ ብሎኬቶች መካከልም ጣት የሚያስገባ ክፍተት አበጀሁ። በማግሥቱ ጉድጓዱ ባዶ ነበር።

ከፍ ያለ መደብን ከውጭ የመጣ ፋሽን አድርገው የሚያዩ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለችውን እነዋሪን ቢያዩ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር። እዚያ ያለው ገበሬ ክረምት ውኃ የሚያቁረውን መረሬ፣ ማለትም ሸክላ የበዛበትን ጥቁር መሬት፣ ካረሰ በኋላ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጣል፤ ስንዴው መደቡ ላይ ሲቆም ውኃው በቦዩ ይወርዳል። በብሎኬት አልታጠረም እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፦ ሥሩ እንዲተነፍስ ውኃው መሄጃ ይኑረው።

የጠርሙሱ ፈተና ደግሞ የአፈሩን ዓይነት ያሳያል። ጠርሙሱን እስከ ሲሶው በአፈር፣ የቀረውን በውኃ ሞልተው በደንብ ይበጥብጡና ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ሸክላው ውኃውን አደፍርሶ ያድራል። በማግሥቱ የሸክላው ንብርብር ከግማሽ በላይ ከሆነ በእጅዎ ያለው መረሬ ነው፤ ብዙ ብስባሽ ይጠይቅዎታል።

በመጨረሻ በጠዋት ተነሥተው አመዳዩ የት እንደሚነጣና የት ቶሎ እንደሚቀልጥ ይዩ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። የጓሮው አጥር በቁልቁለቱ በኩል ድፍን ግንብ ከሆነ ብርዱ እዚያ ይጠራቀማል። እዚያ ያለውን መደብ ለነጭ ሽንኩርትና ለጎመን ይተዉት፤ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ያለውን ለሰላጣና ለድንች።

3. ጽዳትና አረም

ወፍራም ጓንት ያድርጉ። ስባሪ ጠርሙስ፣ ሚስማር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የቀለም ቆርቆሮ ሁሉ መውጣት አለበት። ቆሻሻ ሲቃጠልበት የነበረ ማዕዘን ካገኙ የላዩን አመድና አፈር ዝቀው ያውጡት፤ የላስቲክ አመድ ማዳበሪያ አይሆንም።

አረሙን ሁሉ በአንድ ዓይን አይዩት። ሙጃና ሌላው በዓመት የሚያልቅ አረም ዘር ሳይጥል ከአፈሩ ገጽ ላይ በማጭድ ቢቆረጥ ይበቃዋል፤ ሥሩ እዚያው በስብሶ ለአየርና ለውኃ መተላለፊያ ይሆናል። ሳማ ሲያዩ ደስ ይበልዎ፤ ሳማ የሚወደው የለማ አፈር ነው። እማማ አፈሩ ሞቷል ሲሉኝ ጉልበቴ የሚደርስ ሳማ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ለጋው ተቀቅሎ ይበላል፤ የጠናው ለብስባሽ ክምር ይሆናል። ቱልት ግን ሥረ ጥልቅ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ከነሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ ይወጣል።

ዋናው ጠላት ሰርዶ ነው። ሰርዶን በዶማ መክተፍ ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ አንጓ አዲስ ተክል ይወጣዋል። በአትክልት ሹካ አፈሩን እያነሡ፣ ሥሩን ሳይበጥሱ እየሳቡ ያውጡት። ይህን ሥራ በበጋ ይሥሩት፦ የተነቀለው ሥር በድንጋይ ላይ ሲሰጣ በፀሐይ ይደርቃል፤ በክረምት ከሆነ ግን የጣሉበት ቦታ ላይ ያቆጠቁጣል። ጉልበት ወይም ጊዜ ከሌለዎ ከሱቅ ካርቶን ይለምኑ። ማጣበቂያውን ልጠው፣ ካርቶኑን በሁለት ድርብ፣ ጫፎቹን አንድ ስንዝር እያደራረቡ ያንጥፉት፤ በውኃ ያርሱትና ጭድ ይጫኑበት። በእኛ ብርድ ሰርዶን አፍኖ ለመግደል ሦስት ወር አይበቃም፤ አንድ ሙሉ ክረምት ይተዉት።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ይፈልጉ። በአፈሩ ውስጥ የቀረ የነጭ ሽንኩርት ራስ ካገኙና ሥሩ ጥጥ በመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ ከጤፍ ፍሬም ባነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ከተሸፈነ፣ በዚያ መደብ ነጭም ቀይም ሽንኩርት አይትከሉ። ነጠብጣቦቹ የበሽታው ዘር ናቸው፤ እስከ 20 ዓመት አፈር ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ያን መደብ የነካ መሣሪያና ጫማ ሳይታጠብ ወደ ሌላው አይሂድ። የእኔ አራተኛው መደብ ይህ ዕጣ ደርሶታል።

4. ዙሪያው

እዚህ ላይ አይጨነቁ። ያዘነበለ ብሎኬት ካለ ከውጭ በኩል ሥሩን ቆፍረው አስተካክለው ይመልሱት፤ በውጭ የፌሮ ቁራጭ ችካል ይምቱለት። በሲሚንቶ አያጣብቁት። የኪራይ ቤት ነው፤ ሲደረደር የቆመ ሲለቁ ይነሣል። የበሰበሰ ጣውላ ተገልብጦ ጥቂት ዓመት ያገለግላል።

የብሎኬቱ ቀዳዳ ወደ ላይ ከሆነ አፈር ሞልተው ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ የሥጋ መጥበሻ ይትከሉበት። ጦስኝ የዚህ ደጋ ልጅ ነው፤ ብርዱንም ድርቁንም ይችላል። በሶብላ ግን በውርጭ አይቆምም።

5. አፈሩን መመገብ

የመጀመሪያው ፈተና አፈር መግዛት ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። መደቡ ሰምጦ ከአፉ 15 ሳንቲ ሜትር ጎድሎ ስላየሁት ሁለት ጋሪ «ጥቁር አፈር» አስመጣሁ። ጥቁርነቱ እውነት ነበር፤ መረሬ ነበርና። በመጋቢት እጅ እስኪያስገባ ተሰነጠቀ፤ የሰርዶ ሥርም በነፃ አብሮ መጣልኝ። ገንዘቡን ለፍግ ባውለው ኖሮ።

መደብ የሚሰምጠው በውስጡ የነበረው ብስባሽ ተበልቶ ስላለቀ ነው። ስለዚህ የሚመለሰውም ብስባሽ ነው። በደብረ ብርሃን የሚገኘውን በተርታ ልንገርዎ። እበት እዚህ ማገዶ ነው፤ ኩበት ሆኖ ይሸጣል፣ ስለዚህ ከምድጃ ጋር እየተሻሙ መሆኑን አይርሱ። ፋንድያ ግን ጋሪ ፈረሶች ከሚቆሙበት ቦታ በጠዋት በጆንያ ይሰበሰባል፤ ባለ ጋሪዎቹን አንድ ጊዜ ካነጋገሩ ያስቀምጡልዎታል። ጉድለቱ በውስጡ ያልተፈጨ የገብስና የአረም ዘር መኖሩ ነው፤ ሳይብላላ መደብ ላይ አይበተን። በጠጥ ከሁሉ ይሻላል። በግ የማያረባ ጎረቤት በዚህ አገር ማግኘት ይከብዳል፤ ከበረት ማዕዘን የተከማቸ፣ ያረጀ፣ ሽታው የጠፋ በጠጥ ካገኙ ወዲያውኑ ይጠቀሙበት። የገብስ ጭድ፣ የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ያጨዱት ሙጃ ሁሉ ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ለመተላለፊያው ያድርጉት፤ ዘይቱ ቡቃያን ያቀጭጫል፣ ለመበስበስም ዳተኛ ነው።

ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ በዚህ ብርድ አይሞቅም። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። 20 ሳንቲ ሜትር ጭድና ደረቅ አረም፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ፋንድያ ወይም በጠጥ፣ ትንሽ ውኃ፣ ስስ አፈር፤ ከዚያ እንደገና። በጆንያ ይሸፍኑት። ከሳምንት በኋላ ያን ፌሮ መካከሉ ላይ ወግተው አሥር ደቂቃ ትተው ይሳቡት። ቢሞቅ ሥራ ላይ ነው። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነ ውኃ፣ ቀዝቅዞ ከሸተተ ጭድና አየር ይፈልጋል። በየሦስት ሳምንቱ ያገላብጡት። በጥር የተከመረ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ይደርሳል፤ ለክረምት ተከላ በሰዓቱ ማለት ነው።

መድረሱን የምፈትነው በፌጦ ነው። በአንድ ጣሳ ብስባሹን፣ በሌላ ጣሳ ተራ አፈር አድርገው በእያንዳንዱ 20 የፌጦ ፍሬ ይዝሩ። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል። በብስባሹ ላይ ያለው ቢጫ ሆኖ ከቀጨጨ ወይም ግማሹ ካልወጣ ብስባሹ ገና ጥሬ ነው፤ ሌላ ወር ይተዉት።

አሁን አፈሩ ራሱ። እፍኝ አፈር ጨብጠው ሲለቁት ጉብ ብሎ ከቆየና በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ለሥራ ደርሷል። ጣትዎ ላይ እንደ ጭቃ ከተለጠፈ ይጠብቁ፤ እርጥብ መረሬን የነካ ሰው ጡብ ይሠራል። ሹካውን እስከ ጫፉ ወግተው ወደ ኋላ በመሳብ አፈሩን ያላሉት፤ አይገልብጡት። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እንዲህ ያድርጉ፣ መደቡ ላይም አይቁሙ። ከዚያ የበሰለ ብስባሽ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በላዩ ያልብሱት። መደቡ 3 ሜትር በ1.2 ሜትር ቢሆን የሚያስፈልገው 0.18 ሜትር ኩብ ነው፤ 60 ሊትር በምትይዝ የእጅ ጋሪ ሦስት ምልልስ። ትሎችና ዝናብ ወደ ታች ያወርዱታል። በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ ይበቃል።

የእንጨት አመድ ካለ ለካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይበትኑ። ድንች በሚተከልበት ላይ ግን አያድርጉ፤ ቆዳው ይቆሳስላል። ከጥሬ ፍግ ጋርም አብሮ አይደባለቅ፤ ናይትሮጅኑ በአየር ይጠፋል።

አንድ ጎረቤቴ አረሙን ከነአፈሩ አቃጥለው አለኝ። ምክሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በዚህ ደጋ ገበሬዎች ጓል ከምረው በኩበት እያቃጠሉ ገብስ ይዘሩ ነበር፤ ፎስፈረሱ ቶሎ ስለሚለቀቅ የመጀመሪያው ምርት ያማረ ይሆናል። ብስባሹና ናይትሮጅኑ ግን አብሮ ይነዳል፣ መሬቱም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይተኛል። ለሁለት ዓመት ተከራይ ሒሳቡ ያዋጣ ነበር፤ ለእማማ ግን አያዋጣም።

6. መቼ፣ ምን

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለሰው ነው፤ አትክልት ግን አጥንት ቢሰጡትም አይሞቀውም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ያመሸ ቀን የዚያን ሌሊት ውርጭ ይጠብቁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንዴም ጥርን ጨምሮ፣ ይህ ደጋግሞ ይመጣል። የተከላ ቀንዎን ከዚህ ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ለተረሳ መደብ የመጀመሪያ ሰብል ባቄላን የሚያህል የለም። በሰኔ አጋማሽ 5 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዘራል። ሥሩ የጠጠረውን አፈር ይሰነጥቃል፣ ናይትሮጅንም ያጠራቅማል፤ በመስከረም መጨረሻ እሸቱን እየበሉ ነው። ሲያልቅ ግንዱን ከአፈሩ ገጽ ይቁረጡ፤ ሥሩ እዚያው ይቅር።

ነጭ ሽንኩርትም በሰኔ ይተከላል፤ ፍንካቾቹ በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ረድፉ በ25። ከትልልቁ ራስ ትልልቁን ፍንካች ይምረጡ። ጎመንና ጥቅል ጎመን በሐምሌ በችግኝ መደብ ተዘርተው በነሐሴ መጨረሻ ቢዛወሩ ጥቅምት ሲገባ ጠንክረው ይቆማሉ። ጎመን ውርጭ ከቀመሰ በኋላ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ብርዱ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ስኳር ይጨምረዋል። ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥርም ብርድ ይችላሉ። የካሮት ዘር ለመውጣት ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ እርጥብ ጆንያ ያልብሱትና በየማታው ገልጠው ይዩት። ጫፉ ብቅ ሲል ጆንያው በዚያው ቀን ይነሣ፤ እኔ ሁለት ቀን ዘግይቼ ቡቃያው ከጆንያው ጋር ተነቀለልኝ።

ድንች ውርጭ አይወድም፣ ሰኔ ካለፈ ደግሞ ቅጠሉን የሚያጠቁረው የክረምት በሽታ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በየካቲት መጨረሻ ተክለው፣ በልጉ ቢቀር ውኃ እያጠጡ፣ ክረምቱ ሳይበረታ ማውጣት ነው። ቲማቲምና ቃሪያውን ይተዉት፤ ከሸዋ ሮቢት የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ይምጣልዎ።

ውርጭ ሲያሰጋ የሚሠራው ይህ ነው። በዕለቱ ቀትር ላይ አፈሩን ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቀዋል። ከተክሉ ሥር ያለውን ጭድ ወደ ዳር ይግፉት፤ ጭድ በሌላ ጊዜ ወዳጅ ነው፣ በዚህ ሌሊት ግን የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ያስቀረዋል። ሸምበቆ ወይም ለጋ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አጉብጠው በመደቡ ላይ ቀስት ይሥሩ፤ ፀሐይ ሳይጠልቅ ያረጀ ጋቢ ወይም የተተረተረ ጆንያ ያልብሱት። ልብሱ ቅጠሉን አይንካ፤ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይግለጡት። የተመታ ተክል ካለ ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ እንዳለ ሳምንት ጠብቀው ያያሉ።

7. ውኃና ተባይ

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ 20 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 200 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ አንድ በርሜል ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በርሜሉን ያለ ልክ ያትረፈርፉታል፤ የሚጠቅመው ግን የበልጉ ብልጭ ድርግም የሚል ዝናብ ሲያዝ ነው። በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይሻላል። ጠዋት ያጠጡ፤ ማታ ያረጠቡት ቅጠል በብርዱ ይጎዳል።

ጎመን ላይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች በጣት ማሸት፣ ከበዛ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ከቅጠሉ ሥር መርጨት ይበቃል። ዶሮዎች የከፉ ናቸው። አዲስ ጭድ ያነጠፉበትን መደብ በአንድ ጠዋት ገልብጠው ያሳዩዎታል፤ ችግኙ እስኪጠና ዙሪያውን በእሾህ ወይም በሽቦ ይጠሩት።

8. ውሉ ሊያልቅ ሲል

ከመልቀቂያዎ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። አምስት ወር ከቀረዎ ነጭ ሽንኩርት ይደርሳል፤ ሦስት ወር ከቀረ ጎመንና ቆስጣ፤ ሁለት ወር ከሆነ ሰላጣ ብቻ። በሰኔ የሚለቁ ከሆነ ባቄላ ዘርተው ይሂዱ፤ የሚመጣው ሰው ወይም ባለቤቱ እሸት ይበላል። በሌላ ወር ከሆነ ካርቶንና ጭድ አልብሰው ይተዉት፤ ሰርዶው እንደገና እንዳይወርሰው።

በሽታ ያለበት መደብ ካለ ለሚቀጥለው ሰው ምልክት መተው ተገቢ ነው። እኔ ገና አለቅም፤ ነገር ግን በአራተኛው መደብ የፊት ብሎኬት ላይ ከበር ቀለም በተረፈው ነጭ ቀለም «እዚህ ሽንኩርት አይተከልም» ብዬ ከአሁኑ ጽፌያለሁ።